ከሰሌዳው ግርጌ

ቅዳሜ፣ ማርች 11 ቀን 1978፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ካለው ከባልዲ ተራራ ጀርባ ባለው ሸንተረር ጫፍ አራት ሰዎች ቆመው ነበር። ጋሼ አበጋዝ የቫን ናይስ ነዋሪ ናቸው፤ መሐንዲስ፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው። የእህታቸው ልጅ ፋናዬ ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ትማራለች። ግርማቸው የፋርማሲ ተማሪ ነው፤ ጋሼ አበጋዝ ለፋናዬ በልባቸው ያጩት እሱን ነበር። አራተኛው ሸዋንግዛው ነው፤ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለ የስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) መጠገኛ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ። ዐቢይ ጾም ከተያዘ ስድስተኛ ቀኑ ስለ ነበር የአራቱም ምሳ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ነበር።

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከፊታቸው ሰፊና ነጭ ቁልቁለት ተዘርግቷል። ማዶ ለመድረስ ሁለት መንገድ ነበር፦ በሸንተረሩ ዞሮ መሄድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፤ ወይም ቁልቁለቱን በወገቡ ቆርጦ መሻገር፣ ዐሥር ደቂቃ የማይሞላ።

ሸዋንግዛው ለሁለት ነገር አፉን መክፈት ነበረበት። አንደኛውን ለሳምንታት ሲያሰላስለው ቆይቷል። ሁለተኛው ገና አሁን ከእግሩ ሥር መጣበት። ሁለቱም የሚነገሩት ለአንድ ሰው፣ ለጋሼ አበጋዝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው።

ሸዋንግዛው አሜሪካ የገባው ከአንድ ዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር ወጥ ቤት ሆኖ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር እሱ ሎስ አንጀለስ ቀረና ሚስተር ኦቶ የሚባል ሽማግሌ ሱቅ ገባ። ሚስተር ኦቶ ከአልፕስ ተራሮች የመጣ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ስለ በረዶ ያስተማረው በቃል አልነበረም። አንድ ቀን ጣውላ አጋድሞ ስኳር ነሰነሰበት፤ በስኳሩ ላይ ወፍራም መጽሐፍ አስተኛ፤ ከዚያ ጣውላውን ቀስ እያለ አንድ ጫፉን ከፍ አደረገው። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ አልነቃነቅ አለ። ከዚያ ድንገት ሙሉውን ተንሸራቶ መሬት ወረደ። «ናዳ ማለት ይኸው ነው» አለ ሚስተር ኦቶ፤ ስኳሩን ሰብስቦም ሻዩ ውስጥ ጨመረው።

ሸዋንግዛው ሁልጊዜ ጠዋት የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ስልክ መደወል ነበር። የተራራ ጠባቂዎች የዕለቱን የበረዶ ሁኔታ በቴፕ ቀድተው ያስቀምጣሉ፤ እሱ ሦስት ጊዜ ደውሎ ያዳምጣል፤ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት ነው። ከዚያ ሱቁ በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፦ ስንት በረዶ እንደ ጣለ፣ ነፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ፣ ሊፍት ወደሌለበት ተራራ የሚወጡ ሰዎች የትኛውን ቁልቁለት መሸሽ እንዳለባቸው። ሲጨርስ ከሰሌዳው ግርጌ አንድ መስመር ቦታ ይተርፈዋል። እዚያች ላይ ያንኑ በአማርኛ ያሳጥረዋል።

በኖቬምበር አንድ ዓርብ ቀን አንዲት ልጅ ስኪ በትከሻዋ ተሸክማ ገባች።

«በር ላይ ያለውን ማነው የጻፈው?» አለች በአማርኛ፣ ሱቁ ውስጥ ሐበሻ ይኑር አይኑር እንኳ ሳታይ።

የዚያን ቀን ግርጌው ላይ የተጻፈው «ላዩ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ሥሩ ግን ስኳር ነው፤ አትመኑት» የሚል ነበር።

ሸዋንግዛው ለስኪ የሚቀባ ሰም የሚያቀልጥበትን ካውያ እንደ ያዘ ቀና አለ። «እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አጠፋዋለሁ።»

«ለምን ታጠፋዋለህ? ግን ንገረኝ እስቲ፣ ከፌርፋክስ እስከ ፒኮ ሮበርትሰን አማርኛ የሚያነብ ስኪ ተጫዋች ስንት ይኖራል?»

«ማንም ያለ አልመሰለኝም።»

«ሶ ለማን ጻፍከው?»

አሰበ። «እጄ እንዳይረሳ ነው» አለ።

ሳቀች፤ ግን በእሱ አልነበረም። ስኪዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የተሰነጠቀውን አሳየችው። ስትወጣ በሩን ገፋ አድርጋ ቆመች። «በል እንግዲህ፣ አሁን አንድ አንባቢ አለህ። ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ። ባዶ እንዳላገኘው!»

መጣችም። አንዳንድ ዓርብ መኪናዋን ፓርክ ሳታደርግ፣ መንገዱ ዳር ቀስ ብላ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ አንብባ ትሄዳለች። አንዳንድ ዓርብ ትገባለች። ሸዋንግዛው ያቺን አንድ መስመር ከሐሙስ ጀምሮ ያስብባት ጀመር። በረዶ በማያውቅ ቋንቋ ስለ በረዶ መጻፍ ቀላል አይደለም። «ነፋሱ ከወዲያ ጠርጎ ወዲህ አከማችቷል፤ የተከማቸበትን አትርገጡ።» «ዛሬ ጠዋት ደኅና ነው፤ ከቀትር በኋላ ይላላል።» ፋናዬ ያነበበችውን ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ እሱ በዚህ ጊዜ ዐይኑን ካውያው ላይ ይተክላል።

«ስንት ዓመቴ መስሎህ ነው እርስዎ የምትለኝ?» አለችው አንድ ቀን። «ሃያ አራት ነኝ እኮ! አንተ ትበልጠኛለህ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ልማድህን ከካውያው ጋር እዚያ አስቀምጠው።»

አላስቀመጠውም። ሚስተር ኦቶ አማርኛ ባይሰማም፣ ዓርብ ሲሆን የሸዋንግዛው ሸሚዝ የተተኮሰ መሆኑን ልብ ብሎ ነበር።

በጥር ናዳ ገመድ ልትገዛ መጣች። ሃያ ሜትር የሚሆን ቀጭን ቀይ ገመድ ነው፤ አንዱ ጫፍ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ከኋላ ይጎተታል። ሰው ናዳ ውስጥ ቢገባ ገመዱ ቀላል ስለ ሆነ ከበረዶው በላይ ይቀራል። በየሜትሩ ትንሽ ቆርቆሮ አለበት፤ ቀስቱ ወደ ሰውየው ያመለክታል፤ ቁጥሩ ስንት ሜትር እንደ ቀረ ይናገራል።

ሸዋንግዛው ለክቶ ቆረጠላት፤ አስተሳሰሩንም በገዛ ወገቡ ላይ አሳያት።

«ሁለተኛ ማተብ በለኛ» አለች፣ አንገቷ ላይ ያለውን ጥቁር ክር ነካ አድርጋ።

«ያኛው ለነፍስ ነው። ይሄ ለሥጋ።»

ገመዱን ስትቀበለው ጣቶቹን አልሸሸችም። እሱም አልሸሸም። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የሚስተር ኦቶ ሞረድ ብቻ ነበር፤ እሱም ትንሽ ቆይቶ ቆመ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ፋናዬ የተናገረችውን ሸዋንግዛው በሕይወቱ አልረሳውም።

«አንተ የምትጽፈውን ያህል ብትናገር ኖሮ፣ እስካሁን ተጋብተን ነበር።»

ካውያው የሰው ስኪ ላይ ተረስቶ ሰሙ ጨሰ። ሸዋንግዛው አነሣው፤ መልሶ አስቀመጠው፤ እንደገና አነሣው። «ሽማግሌ እልካለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ለጋሼ? ድምፅህን እንኳ ሰምተው አያውቁም። ፎቶግራፍ የላክህላቸው ነው የሚመስላቸው። መጀመሪያ ራስህ አናግራቸው። በሌላው ቅዳሜ ባልዲ እንወጣለን። ግርማቸውም አለ። ና።»

«ምን ብዬ ልናገር?»

«መጀመሪያ ስምህን። ከዚያ የምትፈልገውን።» ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ሸዋንግዛው፣ በሰኔ ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ጋሼ የግርማቸውን ነገር በሰኔ ሊጨርሱ ነው። እኔ እምቢ ማለት እችላለሁ፤ ባንተ ፈንታ መናገር ግን አልችልም። እሱን አንተ ነህ የምትናገረው።»

በማርች የመጀመሪያው ሳምንት ከተማውን ዝናብ ሲመታው ሰነበተ። ፌርፋክስ ላይ ውሃው የእግረኛ መንገዱን አለፈ። ተራራው ላይ ግን የወረደው በረዶ ነበር፤ ከሰው ወገብ በላይ። ሐሙስ ኃይለኛ ነፋስ ነፈሰ። ዓርብ ፀሐይ ወጣ። ሸዋንግዛው ስልኩን አራት ጊዜ አዳመጠው። ከግርጌው የጻፈው ሦስት ቃል ብቻ ነበር፦ «ነገ ማንም አይውጣ።»

ፋናዬ ወደ ማታ መጥታ ከመኪናዋ ሳትወርድ አነበበችው።

«ጋሼ የአየሩን ፎርካስት አይተውታል» አለች። «ነገ ፀሐይ ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል።»

«የሚያስፈራው እሱ ፀሐዩ ነው። ላዩን ያከብደዋል።»

«ታዲያ ንገራቸው። እዚያው ስትገናኙ ንገራቸው።»

እሱ ባይሄድም እሷ መሄዷ አልቀረም። ከሥራ በኋላ ሦስት ቀይ ገመድ ቆረጠ፤ አንድ አካፋ ሻንጣው ውስጥ አደረገ።

በማግሥቱ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ ጋሼ አበጋዝ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሰሌዳ ጸሐፊው አንተ ነህ? ፋናዬ ስላንተ እጅ ጽሑፍ ስታወራ መኪና ውስጥ ራዲዮ አያስፈልግም።»

ሸዋንግዛው እጅ ነሣ። ስሙን ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በመናገር ፈንታ ግን ገመዶቹን አወጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እንደ በግ ልታስረኝ ነው?»

ግርማቸው ሳቀና የራሱን ተቀብሎ ታጠቀ። ጋሼ አበጋዝ ግን እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ለእኔ ሲሉ» አለች ፋናዬ፤ መልስ ሳትጠብቅም ጎንበስ ብላ ወገባቸው ላይ አሰረችላቸው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ወጡ። ጋሼ አበጋዝ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ ስለ ዴንቨር ተማሪነታቸው ያወራሉ፤ ግርማቸው በየቦታው «ወይ ጉድ!» ይላል። ሸዋንግዛው ከሁሉም ኋላ ነበር። ልቡ አንድ ዐረፍተ ነገር እየደረደረ፣ ዐይኑ በረዶውን ያያል።

ሸንተረሩ ጫፍ ሲደርሱ ነው፣ ከበታቻቸው አንድ የታፈነ ድምፅ የተሰማው፤ ወፍራም ሰው ፍራሽ ላይ ድንገት ሲቀመጥ ዓይነት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ግርማቸው።

«በረዶው ተቀመጠ» አለ ሸዋንግዛው።

«ተቀመጠ ማለት ረጋ ማለት ነው» አሉ ጋሼ አበጋዝ። «ጥሩ ነው።»

«አይደለም፣ ጋሼ።» ድምፁ ወደ ውስጥ ነበር። ተንበርክኮ በአካፋው ጉድጓድ ቆፈረ። ከላይ ክንድ ተኩል የሚሆን ጠንካራ ንጣፍ አለ፤ ከሥሩ ያለውን በጓንቱ ሲነካው እንደ ስኳር ረገፈ። «ይኸው፣ ይዩት። በሸንተረሩ ብንዞር ይሻላል።»

«አንድ ሰዓት ተኩል? ልጄ፣ እኔ ስኪ ስጫወት አንተ ገና ፊደል አልቆጠርክም ነበር። ስለ ሰም የምጠይቀው ነገር ሲኖረኝ እጠራሃለሁ። ኦኬ?»

ፋናዬ ሸዋንግዛውን አየችው። ግርማቸው ወደ ሌላ አየ።

«ኦኬ» አለ ሸዋንግዛው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ፤ «እንግዲያው አንድ በአንድ ይሁን። አንዱ ሲሻገር ሌሎቻችን እዚህ ቆመን እናያለን። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

ጋሼ አበጋዝ ግን ጀምረዋል።

«ብቻቸውን?» አለ ግርማቸው። «ነውር አይደለም እንዴ? ትልቅ ሰው እኮ ናቸው!» ከኋላቸው ተከተለ።

ሁላቸውም እንዲህ ነው ያደጉት። ትልቅ ሰው ሲነሣ ይነሣሉ፤ እስከ አጥሩ በር እንኳ ቢሆን ይሸኙታል፤ መንገድ ላይ ለብቻው አይተዉትም። ግርማቸው ያደረገው እናቱ ብታየው የምትኮራበትን ነው። በረዶው ግን የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነበር፤ አሁን የሁለት ሰው ሆነ።

ፋናዬም ስኪዋን አዞረች።

«ይቆዩ!» አለ ሸዋንግዛው።

«ሁለቱ ሄደው እኔ ምን ሆኜ ነው የምቀረው? ጋሼ ምን ይላሉ?»

ተራመደች። ቀዩ ገመድ ከኋላዋ እየተሳበ በእግሩ አጠገብ አለፈ። ሸዋንግዛው ስኪውን አንሥቶ ገመዱ ላይ አቆመ። ገመዱ ተወጠረ፤ ፋናዬ ወደ ኋላ ተጎትታ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

ዞር አለች። እንዲህ ተቆጥታ አይቷት አያውቅም። «ልቀቀኝ!»

«አልለቅም።»

«አብደሃል? ልቀቀኝ አልኩህ!»

«አልለቅም።» በሁለት እጁም ያዘው።

በዚያ ቅጽበት ቁልቁለቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ታየ፤ በእርሳስ የተሠመረ የሚመስል። ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር። ጋሼ አበጋዝ የቆሙበት በረዶ ይዟቸው ሲሄድ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አዩ። ከዚያ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ነጭ ጭስና ድምፅ ብቻ። ሲያበቃ የመጣው ጸጥታ ከድምፁ ይበልጥ ከበደ።

ግርማቸውን ናዳው ወደ ዳር ወርውሮት ነበር። አንድ ስኪው ጠፍቷል፤ በረዶ እየተፋ «ጋሼ! ጋሼ!» ይላል። የጋሼ አበጋዝ ወሬ የለም።

ሸዋንግዛው ገመዱን ለቀቀ። «አንቺ እዚሁ ቁሚ» አላት። «ከላይ የቀረው ከተነቃነቀ ጩኺ። እኔን አትመልከቺ፣ ላይ ላዩን ተመልከቺ።»

«እሺ» አለች።

ወረደ። የፈረሰው በረዶ እንደ ድንጋይ ክምር ነበር። ዐይኑ ቀይ ነገር ይፈልጋል፤ ባጣ ጊዜ ሃያ እርምጃ ይወርዳል፤ ይፈልጋል። ከግርጌው አጠገብ አንድ ክንድ የማይሞላ ቀይ ክር አገኘ። ቆርቆሮውን ገለበጠው። ሰባት ይላል፤ ቀስቱ ወደ ግራ ያመለክታል። ገመዱን እየመዘዘ ሄደ። አምስት። ሦስት። ከዚያ ገመዱ ቁልቁል ገባ።

«ግርማቸው! ና! እዚህ!»

እሱ በአካፋው፣ ግርማቸው በቀረችው ስኪ ቆፈሩ። በግርማቸው ሰዓት ዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጓንት ታየ፤ ከዚያ ፊት። ፊቱ የሰው መልክ አልነበረውም። ሸዋንግዛው በጣቱ አፋቸው ውስጥ ያለውን በረዶ ጠረገ። ጋሼ አበጋዝ አንድ ጊዜ ሲያቃስቱ ግርማቸው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«ስኪዬስ?» አሉ ጋሼ አበጋዝ። የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር። እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሯል።

ፋናዬ በሸንተረሩ ዞራ ወርዳ ጠባቂዎቹን ጠራች። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በሸርተቴ አወረዷቸው።

ማክሰኞ ዕለት ጋሼ አበጋዝ ከሆስፒታል አልጋቸው ሸዋንግዛውን አስጠሩት። እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ፋናዬን ወደ ኮሪደሩ አስወጧት።

«ቁጭ በል።»

እንደ ቆመ ቀረ።

«ልጅቷን በገመድ ያዝካት።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔን ግን ለቀቅከኝ።»

ሸዋንግዛው ይህን ከቅዳሜ ጀምሮ ራሱን ሲጠይቅ ነበር። «ተናግሬ ነበር» አለ።

«ተናግረሃል። ጎረቤት ጨው እንደሚለምን ሰው። ለምን አልጮህክም?»

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ደግሞ...»

«ደግሞ ምን?»

«ሌላ የምጠይቅዎ ነገር ነበረኝ። እንዳይቀየሙኝ ፈራሁ።»

ጋሼ አበጋዝ ጣራውን አዩ። «እና ለዚያ ብለህ ዝም አልክ። ብሞትስ ኖሮ ማንን ልትጠይቅ ነበር?»

 መስኮቱ አጠገብ የፋናዬ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ሸዋንግዛው አየው። ከዚያ ተናገረ፤ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ነርሷ በበሩ ብቅ እስክትል ድረስ።

«ፋናዬን ማግባት እፈልጋለሁ። የተማርኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ቤቴ አንድ ክፍል ናት። ያን ቀን መጮህ ነበረብኝ፤ ባለመጮኼ ጥፋተኛ ነኝ። እሷን ግን እፈልጋለሁ!»

ጋሼ አበጋዝ ለነርሷ «ኦኬ፣ ኦኬ» አሏት፤ በሩን ዘግታ ሄደች። 

«አሁን ሰማሁህ» አሉ። «ሽማግሌ ላክ። ይሄ ሆስፒታል አልጋ ላይ የሚያልቅ ነገር አይደለም። መልሱን ያን ጊዜ ትሰማለህ።»

ኮሪደሩ ላይ ፋናዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። «ሊፍቱ ድረስ ተሰማ» አለች። ልትስቅ ሞከረችና ተወችው። «ዓርብ ሰሌዳውን አንብቤው ነበር። ማንም አይውጣ ይላል። አንተ እንድትናገር ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጋሼን በቁማቸው ልቀብራቸው ነበር።»

«እኔም ጽፌው ወጣሁ» አለ።

ጎን ለጎን ቆሙ። እጇን ፈልጎ ያዘ። 

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች ቫን ናይስ ሄዱ፤ ሦስተኛ ቢፈለግ አልተገኘም። አንዱ ሚስተር ኦቶ ነበር፤ ከረባት አስሮ፣ ተቀመጡ ሳይባል እንዳይቀመጥ ተነግሮት። ሁለተኛው ራሱ ግርማቸው ነበር፤ ከናዳው በኋላ የፋናዬን ነገር ትቶታል፤ መኪናውን የነዳውም እሱ ነው። ጋሼ አበጋዝ ከዘራቸውን ይዘው ሃያ ደቂቃ አቆሟቸው፤ የሚስተር ኦቶ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይተው ወንበር አስመጡ።

እሺ አሉ። ፋናዬና ሸዋንግዛው በኦክቶበር ተጋቡ። ጋሼ አበጋዝ ዳግመኛ ስኪ አልጫወቱም።